ላዳዋ ከኋላ ስታጉረመርም፦ የአሮጌ መኪና ዲፈረንሻል ምርመራና እድሳት

የአባቴ ላዳ ከአዳማ ወደ አሰላ ስትወጣ ድምጿ ደህና ነበር። ችግሩ የመጣው ስንመለስ ነው። ኢተያን አልፈን ቁልቁለቱ ላይ እግሬን ከነዳጅ ላይ ሳነሳ ከኋላ ወንበር ሥር አንድ ነገር ማጉረምረም ጀመረ። ነዳጅ ስሰጥ ይጠፋል። እግሬን ሳነሳ ይመለሳል። ሬዲዮውን ዘግተን እሱን ስናዳምጥ አዳማ ገባን።

በማግስቱ ሦስት ሰው ጠየቅሁ። አንዱ «ሙሉ ዲፈረንሻሉን ከሶማሌ ተራ ገዝተህ ቀይረው» አለኝ። ሁለተኛው «ከዲፈረንሻሉ ፊት ያለውን ዳዶ ጠበቅ አድርገው፣ ይተዋል» አለ። ሦስተኛው «ላዳ ሲያረጅ ይጮሃል፣ ተወው» አለ። ሦስቱም ተሳስተዋል። ሁለተኛው ምክር ደግሞ መኪናዋን ለዚህ ያበቃት ራሱ ጥፋት እንደነበረ በኋላ ደረስኩበት። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ጋራዥ የዘይት ማፍሰስ ለማስቆም ፓራኦሊዮውን (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደውን የጎማ ቀለበት) ቀይሮ ያንኑ ዳዶ በጉልበት አጥብቆት ነበር። ምንም ነገር አልለካም።

ይህን የምጽፈው በዚህ ምክንያት ነው። ዲፈረንሻል ውስጥ ሳይለካ የሚጠብቅ ዳዶ የለም። ሥራውን እናንተ ባትሠሩትም፣ መካኒኩ አጠገብ ቆማችሁ ምን እየሠራ እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ።

ዲፈረንሻል ምን ይሠራል?

ከኋላ ጎማዎች መሃል ያለው ያ ድብልብል ብረት ሦስት ሥራ አለው። አንደኛ፣ ከካምቢዮ (ከማርሽ ሳጥኑ) በረጅሙ ዘንግ የሚመጣውን ዙር 90 ዲግሪ አጥፎ ወደ ግራና ቀኝ ጎማ ይልከዋል። ሁለተኛ፣ ዙሩን ይቀንስና ጉልበቱን ይጨምራል። በላዳ 2101 ላይ ትንሹ ማርሽ (ፒኞን) 10 ጥርስ፣ ትልቁ ክብ ማርሽ (ኮሮና) 43 ጥርስ አለው። ስለዚህ ዘንጉ 4.3 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል። ሦስተኛው ሥራ ስሙን የሰጠው ነው፤ ሁለቱ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ ይፈቅዳል።

የመጨረሻው ለምን ያስፈልጋል? በላዳ 2101 ላይ በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል 1305 ሚሊሜትር ርቀት አለ። አደባባይ ላይ አንድ ሙሉ ዙር ብትዞሩ የውጭኛው ጎማ ከውስጠኛው 8 ሜትር ያህል አብልጦ ይጓዛል። ሁለቱ በአንድ ብረት ቢታሰሩ ኖሮ አንዱ ጎማ አስፋልቱ ላይ እየተፋቀ ይሄድ ነበር። ይህን የሚከለክሉት በኮሮናው መሃል ያሉት ትናንሾቹ ማርሾች፣ ሳተላይቶቹ ናቸው። በዓይን ማየት ከፈለጋችሁ መኪናውን ከኋላ በክሪክ አንሱና ካቫሌቶ (የብረት መደገፊያ) ላይ አስቀምጡ። የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አግዱ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ማርሽ አስገቡ፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ። አንዱን የኋላ ጎማ ወደፊት አዙሩት። ሌላው ወደ ኋላ ይዞራል። እኔ በልጅነቴ ይህን አይቼ ቀኑን ሙሉ ሳዞረው ዋልኩ።

አንድ ነገር ልጨምር። የላዳ ፒኞን ከኮሮናው መሃል መስመር ዝቅ ብሎ ነው የሚገጠመው። ይህ አሠራር ሃይፖይድ ይባላል። ጥርሶቹ እርስ በርስ ከመንከባለል አልፈው በከባድ ጫና ይንሸራተታሉ። የተለመደ የሞተር ዘይት ይህን ጫና አይችለውም። ለዚህ ነው ጂኤል-5 የሚል ደረጃ ያለው፣ ያ የድኝ ሽታ ያለው ወፍራም ዘይት የሚያስፈልገው።

ከዚህ በታች የምሰጣችሁ ቁጥሮች የላዳ ናቸው። ላዳን የመረጥኩት የራሴ ስለሆነች ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970 ቶሊያቲ ከተማ መመረት የጀመረችው 2101 የጣሊያኑ ፊያት 124 ልጅ ናት። ሩሲያ ውስጥ የዚህ ቤተሰብ ምርት እስከ 2012 ሲቀጥል የኋላ አክስሉ ብዙም አልተለወጠም። እዚህ አገር የኮንትራት ታክሲ ስሙ ራሱ «ላዳ» እስኪሆን ድረስ ኖራለች። አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ ያላችሁም አሠራሩ ተቀራራቢ ነው፤ ቁጥሮቹን ግን ከራሷ መመሪያ ውሰዱ። ቮልስ ያላችሁ ዲፈረንሻላችሁ ከካምቢዮው ጋር አንድ ቤት ውስጥ ስለሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ፔጆ 404 ደግሞ በፒኞንና ኮሮና ፋንታ እንደ ብሎን በተጠማዘዘ ማርሽ የሚዞር የነሐስ ማርሽ ያለው መኪና ነው። የዚህን ጽሑፍ ልኬት እሱ ላይ አትሞክሩ።

መጀመሪያ ማዳመጥ

ዲፈረንሻል ከመፈታቱ በፊት ጥፋተኛው እሱ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ያለ ጥፋቱ የተፈታ ዲፈረንሻል ብዙ አይቻለሁ። ጎማ ያለ እኩልነት ሲበላ ልክ እንደ ዲፈረንሻል ይጮሃል። ያለቀ ክሮቼራ (የረጅሙ ዘንግ መገጣጠሚያ) ማርሽ ሲገባ «ጓ» ይላል፤ ሰው ግን ዲፈረንሻል ነው ብሎ ይፈርዳል።

ለጥ ያለና መኪና የማይበዛበት መንገድ ፈልጉ። ቀስ እያላችሁ ከ20 ወደ 90 ፍጥነት ጨምሩና ድምፁ በስንት እንደሚመጣና እንደሚጠፋ ያዙ። ከዚያ እግራችሁን ከነዳጅ አንሱና በማርሽ እየቀነሰ እንዲሄድ ተዉት። በመጨረሻ ፎሌ አድርጋችሁ (ማርሹን አውጥታችሁ) አዳምጡ። ሞተሩን ግን አታጥፉ። ይህን ቁልቁለት ላይ ፈጽሞ አታድርጉት። ከዚያ መኪናውን አቁሙና ፎሌ ላይ እንዳለ ነዳጅ እየሰጣችሁ የሞተሩን ዙር ከፍ አድርጉት። ቆሞም የሚጮህ ከሆነ ችግሩ ከኋላ አይደለም። ፎሌ ላይ ሲንከባለልም ድምፁ ምንም ካልተለወጠ ጎማውን ወይም የጎማ ኩሽኔታውን (ዘንጉ ሳይፋተግ እንዲዞር የሚይዘውን ቀለበት) ጠርጥሩ። ነዳጅ ሲሰጥና ሲነሳ የሚለዋወጥ ከሆነ ወደ ዲፈረንሻሉ ሂዱ። ሲታጠፍ ብቻ የሚጮህ ከሆነ ደግሞ ሳተላይቶቹንና የሚዞሩበትን ዘንግ ተመልከቱ።

የእኔ ላዳ ነዳጅ ሲነሳ ብቻ ነበር የምታጉረመርመው። ይህ ትርጉም አለው። ነዳጅ ስትሰጡ የጥርሶቹ ግፊት ፒኞኑን ከኮሮናው ያርቀዋል፤ ጭነቱን ከውስጥ በኩል ያለው ትልቁ ኩሽኔታ ይሸከማል። እግር ሲነሳ ጎማው ሞተሩን መጎተት ይጀምርና ፒኞኑ ወደ ኮሮናው ይሳባል። ያኔ የሚሸከመው ከውጭ በኩል፣ በዳዶው ሥር ያለው ትንሹ ኩሽኔታ ነው። ስለዚህ ዲፈረንሻሉን ሳንከፍተው ወዴት እንደምናይ አወቅን።

ሲፈታ

አብረውኝ የሠሩት በዕድሜ የገፉ መካኒክ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። መጀመሪያ ያስደረጉኝ ነገር ዘይቱን ንጹሕ ሳህን ላይ ማፍሰስ ነው። «አትድፋው ልጄ፣ እሱ ነው የሚነግርህ» አሉኝ። ጣታቸውን ነክረው ፀሐይ ላይ አሹት። እንደ እርሳስ ዱቄት የሚያብረቀርቅ ልሙጥ ግራጫ ከሆነ የዕድሜ ነገር ነው። በጥፍር የሚያዝ ስባሪ ከተገኘ አንድ ጥርስ ወይም ኩሽኔታ እየፈረሰ ነው። ወተት እንደነካው ቡና ከሆነ ውሃ ገብቷል። አዳማ ክረምት ላይ ጎርፍ ከኮረብታዎቹ ወደ መንገዱ ሲወርድ በዚያ ውስጥ ያለፈ መኪና ይህ ቢገኝበት አይገርምም። የእኛው ሳህን ላይ ቀጫጭን ቅርፊቶች ነበሩ፤ እንደ ዓሣ ቅርፊት።

አፈታቱ ራሱ ከባድ አይደለም። ጎማና የፍሬን ታምቡር ይወጣል። አክስሎቹ በአራት አራት ዳዶ ነው የተያዙት፤ እሱ ተፈትቶ ወደ ጎን ይሳባሉ። ከካምቢዮ የሚመጣው ዘንግ ከመለየቱ በፊት ምልክት አድርጉበት፤ በነበረበት ካልተመለሰ ንዝረት ያመጣል። ከዚያ የዲፈረንሻሉን ቤት የያዙት 8 ብሎኖች ይፈታሉ። ከባድ ነው፣ ለሁለት ያዙት።

አሁን የሚመጣው ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። የኮሮናውን ሁለት ኩሽኔታዎች የያዙት ሁለት የብረት ክዳኖች ፋብሪካ ውስጥ ከቤቱ ጋር አብረው ነው የተቦረቦሩት። የግራው ወደ ቀኝ ቢሄድ ወይም ቢገለበጥ ዳግመኛ ልክ አይመጣም። ጋሼ ከመፍታታቸው በፊት በቡንጥ (ሹል የብረት መምቻ) በግራ በኩል አንድ፣ በቀኝ ሁለት ነጥብ መቱ። አስር ሰከንድ አይፈጅም። ይህን ሳያደርግ የሚፈታ መካኒክ ካያችሁ አስቁሙት።

ሁሉም በናፍጣ ታጥቦ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ተደረደረ። የውጭኛው የፒኞን ኩሽኔታ ሮለሮቹ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ተቦርቡረዋል። የተቀመጠበት ቀለበት በሙቀት ወደ ሰማያዊ ተለውጧል። ከመጠን በላይ ስለጠበቀ ተቃጠለ፤ ከተቃጠለ በኋላ ተበልቶ ላላ፤ ሲላላ ፒኞኑ ወዲያና ወዲህ መሄድ ጀመረ። ጉርምርምታው ይህ ነበር። የፒኞኑና የኮሮናው ጥርሶች ግን ልሙጥ ነበሩ። ሌላ ወር ብንነዳት ኖሮ እነሱም አይተርፉም ነበር።

ጥርስ ላይ የሚፈለገው መቦርቦር፣ ጭረት፣ መሸረፍና መላጥ ነው። ከአንዱ ላይ ከተገኘ ሁለቱም ይቀየራሉ። ፒኞንና ኮሮና ፋብሪካ ላይ አንድ ላይ ተፋጭተው በአንድ ቁጥር ነው የሚወጡት። ቁጥሩ በሁለቱም ላይ ተጽፏል። ሻጭ የአንዱን ፒኞን ከሌላው ኮሮና ጋር ቢሰጣችሁ፣ አዲስ ቢመስልም አትውሰዱ። ይጮሃል፣ ምንም ብታስተካክሉት ዝም አይልም።

ያገለገለ ሙሉ ዲፈረንሻል ለመግዛት ከወሰናችሁ ጥርስ ቁጠሩ። የ2101 43 ለ10 ነው፣ የ2103 41 ለ10፣ የ2106 ደግሞ 43 ለ11 ነው፤ ማለት 3.9። ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። የ2106ቱን 2101 ላይ ብትገጥሙ ዳገት ላይ ትደክማለች። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውም ይዋሻል፤ 90 ሲላችሁ በእውነት የምትሄዱት 99 ነው። በአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሲገጠም፦ የፀጉር ውፍረት ያህል ሥራ

አዲስ ኩሽኔታ፣ አዲስ ፓራኦሊዮና አዲስ ተጨማቂ ቱቦ ገዛን። ስለ ቱቦው ቆይቼ እመጣለሁ።

መጀመሪያ የሚወሰነው ፒኞኑ ምን ያህል ወደ ውስጥ ይገባል የሚለው ነው። ይህን የሚወስነው በፒኞኑ ራስና በውስጠኛው ኩሽኔታ መሃል የሚገባ የብረት ቀለበት፣ ስፔሶር ነው። ላዳ ከ2.55 እስከ 3.35 ሚሊሜትር ድረስ፣ በየ0.05 ልዩነት አላት። ፒኞኑ ጭራ ላይ የመደመር ወይም የመቀነስ ምልክት ያለው ቁጥር ተጽፏል፤ ከትክክለኛው ልክ በመቶኛ ሚሊሜትር ምን ያህል እንደሚለይ ይናገራል። በልዩ መሣሪያ የተለካው ክፍተት 2.90 ቢሆንና ጭራው ላይ −10 ቢል፣ 2.90 ላይ 0.10 ይጨመርና 3.00 የሆነው ስፔሶር ይገባል። ቁጥሩ በመደመር ከሆነ ይቀነሳል። የእኛ ፒኞንና ቤት የድሮዎቹ ስለሆኑ የነበረውን ስፔሶር መልሰን አስገባን። ፒኞን ለምትቀይሩ ግን የአሮጌውንና የአዲሱን የጭራ ቁጥር አወዳድሩ፤ በልዩነቱ ልክ ስፔሶሩን ቀይሩ። ለመነሻ ይህ ይበቃል፤ የመጨረሻውን ፍርድ ቀለሙ ይሰጣል።

አሁን ቱቦው። በሁለቱ የፒኞን ኩሽኔታዎች መካከል ስስ የብረት ቱቦ አለ። ዳዶው ሲጠብቅ ይህ ቱቦ እየተጨመቀ ያጥራል፤ ኩሽኔታዎቹም ልክ በሆነ ጫና ይያዛሉ። አንዴ ከተጨመቀ ግን ወደነበረበት አይመለስም። ከልክ በላይ ካጠበቃችሁ ዳዶውን ማላላት መፍትሔ አይሆንም፤ አውጥቶ አዲስ ቱቦ ማስገባት ነው። ያ ጋራዥ ያጠፋው ይህን ነው። ፓራኦሊዮ ለመቀየር ዳዶውን ፈታ፤ ሲመልስ በረጅም ቧንቧ እያገዘ እስከቻለው ድረስ ጎተተው።

ትክክለኛው አሠራር እንዲህ ነው። ዳዶው መጀመሪያ በቶርክ መፍቻ ወደ 12 ኪሎግራም-ሜትር ይጠብቃል። ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ፣ በየመሃሉ ፒኞኑ ለመዞር ምን ያህል እንደሚከብድ ይለካል። ለአዲስ ኩሽኔታ ከ16 እስከ 20 ኪሎግራም-ሴንቲሜትር መሆን አለበት። ላገለገለ ኩሽኔታ ከ4 እስከ 6 ብቻ። ዳዶው 26 ኪሎግራም-ሜትር ደርሶ እንኳ ልኩ ካልመጣ ቱቦው ልክ አይደለም፤ ይቀየራል።

ይህን ክብደት የሚለካው መሣሪያ በየጋራዡ የለም። ጋሼ ከገበያ የሚንጠለጠል የስፕሪንግ ሚዛን ይዘው መጡ፤ ሥጋና ሽንኩርት የሚመዘንበት ዓይነት። ራዲየሱ 4 ሴንቲሜትር የሆነ ክብ እንጨት ቶርኖ ቤት አስቀርጸው ፒኞኑ ጫፍ ላይ አሰሩት። በላዩ ሲባጎ ጠመጠሙ፣ ሚዛኑን ጫፉ ላይ አንጠልጥለው ቀስ ብለው ጎተቱ። 16 ለ4 ሲካፈል 4 ኪሎ፣ 20 ለ4 ደግሞ 5 ኪሎ ነው። ስለዚህ ፒኞኑ እየዞረ ሳለ ሚዛኑ በ4 እና በ5 ኪሎ መሃል ማንበብ አለበት። ዳዶውን ትንሽ፣ ሚዛኑን እንደገና፣ ዳዶውን ትንሽ። መጀመሪያ አንድ ኪሎ ተኩል። ከዚያ ሁለት። ከዚያ ድንገት ሦስት ተኩል ሆነ፤ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ በጣም ትንሽ ማጥበቅ ብዙ ይጨምራል። ጋሼ ላባቸውን በክንዳቸው ጠርገው «አሁን ነው ሰው የሚያበላሸው» አሉ። አራት ተኩል ላይ አቆሙ። ሙሉ ሥራው ወደ ሰዓት ተኩል ፈጀ። በሕይወቴ ካየኋቸው የእጅ ሥራዎች አንዱ ድንቅ ይህ ነው።

ከዚያ ኮሮናው ከነሳተላይቱ ይገባል። የኮሮናው ብሎኖች ወደ 10 ኪሎግራም-ሜትር ይጠብቃሉ። በግራና በቀኝ ያሉት ማስተካከያ ቀለበቶች ኮሮናውን ወደ ፒኞኑ ያስጠጉታል ወይም ያርቁታል። በሁለቱ ጥርሶች መሃል የሚቀረው ክፍተት፣ መካኒኮች ጆኮ የሚሉት፣ ከ0.08 እስከ 0.13 ሚሊሜትር ነው። የፀጉር ክር ውፍረት ያህል ማለት ነው። ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን ክፍተት የሚለካ ባለ መርፌ መሣሪያ) ተገጥሞ ኮሮናውን እያዞሩ በተለያየ ቦታ ይለካል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከለካችሁ ኮሮናው የተጣመመ መሆኑን አታውቁም።

ለአሮጌ ጥርስ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ብዙ ዘመን አብረው የሠሩ ፒኞንና ኮሮና በራሳቸው ልክ ተበልተው ተላምደዋል። ክፍተታቸው ከ0.13 ትንሽ ቢበልጥና ዝም ብለው የሚሠሩ ከነበረ፣ ቁጥሩን ለማሟላት ብላችሁ አታቀራርቧቸው። ጥርሱ ያልተላመደበት ቦታ ላይ መፋጨት ይጀምርና ዝም ያለው መጮህ ይጀምራል። የነበረውን ክፍተት ከመፍታታችሁ በፊት ለክታችሁ ጻፉት፤ ወደዚያው መልሱት።

የመጨረሻው ምስክር ቀለም ነው። ጥርሶቹ ላይ ስስ የቅባት ቀለም ይቀባና ኮሮናውን በእጅ ትንሽ እየያዙ ፒኞኑ በሁለቱም አቅጣጫ ይዞራል። የተነካው ቦታ ይገለጣል። ምልክቱ በጥርሱ መሃል ሞላላ ሆኖ ከተቀመጠ ጨርሳችኋል። ወደ ጥርሱ ጫፍ ከወጣ ስፔሶሩ ስስ ነው፣ ወፍራም ይግባ። ወደ ሥሩ ከወረደ ስፔሶሩ ወፍራም ነው። ወደ ክቡ ውጭ ከሸሸ ኮሮናው ይጠጋ፤ ወደ ውስጥ ከሸሸ ይራቅ። የእኛ በመጀመሪያው ሙከራ መሃል ላይ ተቀመጠ፤ ስፔሶሩን ስላልነካነው።

ከመዝጋታችሁ በፊት

አክስሎቹ ወጥተው ሳለ የጎማ ኩሽኔታዎቹን እዩ። ላዳ ላይ ኩሽኔታውን አክስሉ ላይ የሚይዘው የብረት ቀለበት ነው። ወደ 300 ዲግሪ ገደማ ግሎ ነው የሚገባው፣ ሲቀዘቅዝ ይነክሳል። ቀለበቱ ላልቶ ከተንሸራተተ ጎማው ከነአክስሉ ተመዞ ይወጣል። በመዶሻ ተመቶ የገባ ቀለበት ካያችሁ አትቀበሉ። አክስሉ ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ከ0.7 ሚሊሜትር በላይ ካለፈም ይቀየር።

የአክስሉ ቤት ላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ የትንፋሽ መውጫ አለች። በጣት ስትነኳት ወዲያና ወዲህ ማለት አለባት። የእኛዋ በአዳማ አቧራና በዘይት እንደ ጭቃ ተደፍና ነበር። ዘይቱ ሲሞቅ አየሩ መውጫ ያጣና ዘይቱን በፓራኦሊዮው በኩል ይገፋዋል። ያ የመጀመሪያው ማፍሰስ፣ የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻ፣ ምናልባት በቤንዚን በታጠበች በዚህች ነገር ብቻ ይቆም ነበር። አባቴ ይህን ሲሰማ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

ዘይቱ 1.3 ሊትር ነው፤ በጎን ባለው መሙያ ቀዳዳ ጠርዝ ላይ እስኪደርስ። መጀመሪያ ቀን ሃያ ደቂቃ ያህል በቀስታ ነዱና እንዲቀዘቅዝ አቁሙት። የመጀመሪያዎቹን 500 ኪሎ ሜትር ሸክም አታብዙ፣ ከዚያ ዘይቱን ቀይሩ። አዲስ ኩሽኔታ ሲላመድ የሚያወጣውን ዱቄት ውስጡ አትተዉት።

እኛ ዘይቱን ከቀየርን በኋላ ወደ አሰላ ተመለስን። ስንመለስ ኢተያን አልፈን እግሬን ከነዳጅ ላይ አነሳሁ። ነፋሱና የጎማው ድምፅ ብቻ ነበር። ዴራ ላይ አቁመን አባቴ ከመኪናው ሥር ጎንበስ አለና መዳፉን ዲፈረንሻሉ ላይ አሳረፈ። ሞቋል፣ ግን እጁን አላነሳም።